ጫማዋን ያልሰቀለችው የሳፋሪ ሻምፒዮን

እግር ኳስ ተጫዋች ሰላሳ አምስት ዓመት ከሞላው ደጋፊውም ጋዜጠኛውም "መቼ ነው ጫማ የሚሰቅለው?" ማለት ይጀምራል። አርባን ከደፈነ ቦታው ወይ የክብር ትሪቡን ነው፣ ወይ የአሰልጣኝ ወንበር። ስልሳ ዓመት የተጠጋት፣ አራት ጊዜ የአፍሪካን ከባድ ውድድር ያሸነፈች፣ ግን ዛሬም ቋሚ ተሰላፊ የሆነች ሻምፒዮን አለች ቢባል ማን ያምናል? አለች እንጂ! ስሟ ፔጆ 404 ነው። ሜዳዋም የምሥራቅ ኢትዮጵያ አስፋልትና ኮረኮንች ነው።

ድሬዳዋን የረገጠ ሰው ከዚራን ሳያይ አይመለስም። ቀጥ ብለው የተዘረጉ መንገዶች፣ ግራና ቀኝ የተተከሉ ጥላቸው የሚያሳርፍ ዛፎች፣ ከፊት ለፊት ደግሞ የባቡር ጣቢያው። ደቻቱን ተሻግሮ ያለው መጋላ የራሱ ግርግር አለው፤ ከዚራ ግን ረጋ ያለች ናት። በዚህ ሰፈር ጥላ ስር ለብዙ ዓመታት ተሳፋሪ ሲጠብቁ የኖሩት ፔጆ ታክሲዎች ነበሩ። ሽቅብ በደንገጎ ተጠማዝዞ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሐረር የሚወጣ ሰው ደግሞ እነዚያኑ ፔጆዎች በጀጎል በሮች አካባቢ ያገኛቸዋል። ሐረርን ለማየት የሚመጣ የውጭ አገር ሰው ከጅቡ ትርዒት ቀጥሎ ካሜራውን የሚያዞረው ወደነሱ ነው።

ለምን ፔጆ? ለምን እዚህ? መልሱ ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላቃተው እ.ኤ.አ. በ1902 ከተራራው ስር ቆመ። በቆመበት ቦታ ላይም ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ሊሏት አስበው ነበር። ከዚራ የተቀየሰችው ያኔ ነው። የባቡሩ መሥሪያ ቤት፣ የጋራዡ ቋንቋ፣ የዕቃው ስም ሁሉ የፈረንሳይ ሽታ ነበረው። የጅቡቲ ወደብ በሐዲድ በሩ ላይ ለሆነ ከተማ የፈረንሳይ መኪና እንግዳ አይደለም፤ የጎረቤት ልጅ ማለት ነው።

አራት ዋንጫ

ፔጆ 404 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1960 ፓሪስ ውስጥ ነው። ቅርጿን የሳለው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ ያው ለፌራሪ ይስል የነበረው ቤት። ሞተሯ 1,618 ሲሲ ሲሆን ከኮፈኑ ስር ቀጥ ብሎ ሳይሆን በ45 ዲግሪ ጋደም ብሎ ነው የተቀመጠው። ካምቢዮዋ መሪው ላይ ነው። በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን 800 ሺህ በላይ ተሠርታለች።

ስሟን የተከለችው ግን በሳፋሪ ራሊ ነው። ሳፋሪ በፋሲካ ሰሞን፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንዛኒያን እያካለለ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚኬድበት ውድድር ነበር። አቧራው አልፎ ጭቃው ይመጣል፤ ጭቃው አልፎ ወንዙ ይሞላል። የአውሮፓ ስመ ጥር ሾፌሮች መጥተው ጎማቸውን ጭቃ ውስጥ ትተው የተመለሱበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ከተነሱት 84 መኪኖች መጨረሻውን የረገጡት ሰባት ብቻ ነበሩ። ከሰባቱ አንደኛ የወጣችው በኒክ ኖዊኪና በፓዲ ክሊፍ የተነዳችው 404 ናት። በ1966 እና በ1967 በርት ሻንክላንድ ከክሪስ ሮዝዌል ጋር ሆኖ በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደባት። በ1968 ደግሞ ታሪክ ራሱን ደገመ። ከ90 በላይ መኪኖች ተነሱ፤ የጨረሱት አሁንም ሰባት ናቸው፤ አሸናፊዎቹም እነዚያው ኖዊኪና ክሊፍ በዚያችው 404። ስድስት ዓመት ውስጥ አራት ዋንጫ! በእግር ኳስ ቢሆን ኖሮ ሐውልት ይቆምላት ነበር።

ሳፋሪን ያሸነፈችው ፔጆ ከሌላ ዓለም የመጣች የውድድር መኪና አልነበረችም፤ ሰው ከመደብር ከሚገዛት እምብዛም አትለይም። ለዚህ ነው ሾፌሮች ያመኗት። ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ደንገጎን ሲወጣ የሚንገበገብ ሞተር እንጀራ አያበላም።

ለጡረተኞች የተሠራ ክብር

በሌላው ዓለም የድሮ ሞተር ያለው ሰው ክለብ አለው። የእንግሊዞቹ የድሮ ሞተር ሳይክሎች ክለብ የተመሠረተው ጦርነቱ ባበቃ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1946 ነው። ክለቡ የሚያተኩረው ሃያ አምስት ዓመት ባለፋቸው ሞተር ሳይክሎች ላይ ነው። ከ1915 በፊት የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ብቻ የሚሰለፉበት ወደ ብራይተን የሚደረግ ዓመታዊ ጉዞም እዚያው እንግሊዝ አገር አለ፤ ከ1930 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። ፍጥነት አይለካበትም፤ በሰላም መድረስ ነው ድሉ።

እነዚህ ክለቦች ሥራቸው ሽርሽር ብቻ እንዳይመስልህ። የእያንዳንዱን ሞተር ቁጥርና ዕድሜ ይመዘግባሉ፤ የጥገና መጽሐፍ ያስቀምጣሉ፤ ፋብሪካው ያቆመውን ዕቃ ተባብረው ያሠራሉ፤ ሽማግሌው መካኒክ የሚያውቀውን ለወጣቱ ያስተላልፋሉ። የፔጆም ቢሆን የራሷ ማኅበር አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ተመሥርቶ ከስድስት ዓመት በኋላ ሶሾ በምትባለው የፋብሪካው ከተማ ሙዚየም ከፍቷል።

ሁሉንም የሚያስተባብረው ደግሞ ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ነው፤ ለድሮ መኪናና ሞተር ሳይክል እንደ ፊፋ ቁጠረው። ፊቫ አንድን ተሽከርካሪ "ታሪካዊ" ለማለት ደንብ አለው። ሰላሳ ዓመት የሞላው፣ እንደ ጥንቱ ተጠብቆ የተያዘ፣ እና... ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል መሆን አለበት ይላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የሐረርና የድሬዋ ፔጆ በዕድሜ ከሆነ ሰላሳውን እጥፍ ልታደርገው ደርሳለች። ታሪክም ከተባለ አራት ዋንጫ አላት። ግን ጠዋት ተነስታ ጫት ተሸክማ፣ ሙሽራ ይዛ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት አድርሳ ነው ማታ የምትገባው። ስለምትሠራ ደንቡ አያውቃትም። በፈረንጅ አገር ለመከበር ጫማ መስቀል ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ከሰቀለች የባለቤቷ ልጆች ምሳ አይበሉም።

በምን ትኖራለች?

ፋብሪካው ከረሳት ቆይቷል። ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናዋ ምርት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው ያበቃው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለች መኪና የምትኖረው በመካኒክ እጅ ነው። የቆመች መኪና ተፈታ ለምትሄደዋ ዕቃ ትሆናለች። የጠፋው ዕቃ በቶርኖ ይቀረጻል። የበላው ላሜራ ተቆርጦ ይበየዳል። ካርቡራተሩ የሌላ መኪና ሊሆን ይችላል፣ ራዲያተሩም እንዲሁ። የክለብ ዳኛ መጥቶ ቢያያት "ይቺማ ድብልቅ ናት" ብሎ ከውድድር ሊያስወጣት ይችላል። ግን ቁልፉ ሲዞር ትነሳለች። ከዚህ በላይ ምን አለ?

ይህ እውቀት በከዚራ ባዳ አይደለም። የባቡሩ ወርክሾፕ እዚሁ ነው። ባቡሩ ብልሽት ሲገጥመው ዕቃ ከማርሴይ እስኪመጣ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ብረቱ እዚሁ ተሞርዶ፣ እዚሁ ተገጥሞ ሐዲድ ላይ ይወጣል። የአሮጌው ሐዲድ አገልግሎት ተቋርጦ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ ሲጀምር እንኳ፣ የድሮዎቹ ፉርጎዎችና የወርክሾፑ ማሽኖች ከዚራ ውስጥ ቀርተው ጎብኚ የሚያያቸው ሆነዋል።

የኳስ ሰው ይህን ዝምድና አይስተውም። በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ከፍ ያደረገው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኳስ ውጭ እጁ መካኒክነት የለመደ ሰው ነበር። በዚያው ዘመን የድሬዳዋው ኮተን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን እየሆነ ትልልቆቹን የአዲስ አበባ ክለቦች ያስጨንቅ ነበር፤ እሱም ከፋብሪካ የተወለደ ቡድን ነው። በዚያች ከተማ ኳስና ብረት አብረው ነው ያደጉት።

ባጃጅ ሲገባ

የፔጆን ጨዋታ የለወጠው እንደ ሳፋሪው ጭቃ አይደለም፤ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ነዳጁ ትንሽ፣ መለዋወጫው በየሱቁ፣ ጠባቡ መንገድ ሁሉ መንገዱ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ድሬዳዋን ሞላት። ከዚራ ጥላ ስር ፔጆ የቆመበትን ቦታ ባጃጅ ወሰደው። ተሳፋሪውን መውቀስ አይቻልም፤ የባጃጁን ልጅም እንዲሁ። እሱም እንጀራውን ነው የሚሮጠው።

አሁን ደግሞ ሌላ ተፎካካሪ መጥቷል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ መንገዱ የኤሌክትሪክ እየሆነ ነው። ነገ የከዚራ ጋራዥ የሚፈልገው ልጅ ካንዴላ የሚያጸዳ ሳይሆን ባትሪ የሚመረምር ይሆናል።

ችግሩ ፔጆዋ ማርጀቷ አይደለም። አርጅታም ሠርታለች። ችግሩ ሥራዋን ያጣች ዕለት የሚቀበላት አለመኖሩ ነው። እንግሊዝ አገር ጡረታ የወጣ ሞተር ሳይክል ክለብ ይጠብቀዋል፤ እዚህ ሥራ ያቆመች ፔጆን የሚጠብቃት ሚዛን ነው። በኪሎ ተመዝና ቁራሌው ይወስዳታል። ከሷ ጋር ሞተሩን በጆሮው ሰምቶ ብልሽቱን የሚነግር መካኒክ እውቀትም አብሮ ይሄዳል፤ እሱን ደግሞ የሚመዝን ሚዛን የለም።

ስለዚህ ክለብ የሚባለው ነገር የሀብታም ጨዋታ ተደርጎ ባይታይ ጥሩ ነው። የፔጆ ባለቤቶች ተሰባስበው ስንት መኪና እንደቀረ ቢመዘግቡ፣ የቆሙትን ዕቃ በጋራ ቢይዙ፣ በዓመት አንድ ቀን ከከዚራ ባቡር ጣቢያ ተነስተው በደንገጎ ሐረር ቢገቡ፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መንገዱ አለ። ሾፌሩ አለ። ሻምፒዮኗም አለች። ቱሪስቱም ካሜራውን ይዞ እየመጣ ነው። አሸናፊ መለየት ካስፈለገም የሳፋሪው ሕግ ይበቃል፤ ሳይቆም የደረሰ አሸነፈ።

ለአንጋፋ ተጫዋች የስንብት ጨዋታ ይዘጋጅለታል፤ ስታዲየሙ ይሞላል፣ ማልያው ይሰቀላል። አራት ዋንጫ ይዛ የመጣችው ፔጆ ግን ስንብት የጠየቀች አትመስልም። ደንገጎ ዳገት ላይ ካምቢዮዋን ሁለተኛ አስገብታ፣ እያጓራች፣ ተሳፋሪዋን ይዛ ትወጣለች።