ያውቁ ኖሯል? ጅባራ መሸሻ ተራራ ሊያጣ ይችላል

ከደብረ ኤልያስ በስተሰሜን ምሥራቅ በሚገኙት የጮቄ ተራሮች ላይ የሚበቅለው ጅባራ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። እ.ኤ.አ. በ2080 ግን ከሚስማማው ሥፍራ ሊተርፍለት የሚችለው በአማካይ 3.4 በመቶው ብቻ እንደሆነ ተተንብዮአል፤ ያም በአራት የተራራ ጫፎች ላይ ተቆራርጦ።

ትንበያው እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የደሳለኝ ጫላና የባልደረቦቹ ጥናት ውጤት ነው። ተመራማሪዎቹ ጅባራ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ከአየር ንብረት መረጃ ጋር አዛምደው የሚስማማውን ሁኔታ ለዩ፤ ያ ሁኔታ ወደፊት የት እንደሚኖርም በኮምፒውተር አሰሉ። የበካይ ጋዝ ልቀቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ቢሞክሩትም ሥፍራው በእጅጉ መጥበቡ አልቀረም። ከዚህ ጋር 82 በመቶ የሚሆነው የተክሉ የዘረመል ብዝኃነት እንደሚጠፋ ተንብየዋል፤ ይህ ከባድ ኪሣራ ነው።

ጅባራ ለዓመታት ካደገ በኋላ ከረጃጅም ቅጠሎቹ መካከል ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል። የሚያብበው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በጣም የደቀቀ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ጮቄ ላይ ደርቆ የቆመ ጅባራ ካዩ፣ አብቦ የጨረሰ ሊሆን ይችላል።

የሚስማማው ሥፍራ ለምን ይጠባል? ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር፣ ብርድ የለመደ ተክል የቀድሞውን ቅዝቃዜ ለማግኘት 170 ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣት ይኖርበታል። የጮቄ ጫፍ ደግሞ 4,100 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል።