ከላባና ከመዳብ ሽቦ የሚሠራ ማጥመጃ

ሰው ሠራሽ ዝንብ መንጠቆ ላይ ላባ፣ ፀጉር ወይም ክር በመጠምጠም የሚሠራ፣ ዓሣ የሚመገባቸውን ነፍሳት የሚመስል ማጥመጃ ነው። በገዛ እጁ መሥራት ለሚፈልግ ጀማሪ፣ በእንግሊዝ አገር የኤቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየር የፈጠረው «ፌዛንት ቴይል» እጅግ ጥሩ መነሻ ነው። የሚፈልገው መንጠቆ፣ ፌዛንት ከተባለው ወፍ ጅራት የተወሰደ ጥቂት ላባና ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብቻ ነው፤ ክር እንኳ አያስፈልገውም።

መንጠቆው በትንሽ ሞርሳ ይያዛል። ሽቦው በመንጠቆው ግንድ ላይ ይጠመጠማል፤ ደረት በሚሆነው ቦታ ደግሞ ጉብ እስኪል ይደጋገማል። ከዚያ የላባው ጫፎች ጅራት ሆነው ከኋላ ይታሰራሉ፤ ቀሪው ከሽቦው ጋር ተገምዶ ወደ ፊት ይጠመጠማል፤ በደረቱ ላይም ወዲያና ወዲህ ታጥፎ በሽቦው ይቋጫል። ሽቦው ማሰሪያም ክብደትም ነው፤ ማጥመጃው ፈጥኖ ሰምጦ ዓሣው ወደሚመገብበት ጥልቀት ይወርዳል። የአሠራሩ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመንጠቆ ቁጥር ባደገ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ 16 ቁጥር ከ12 ቁጥር ያነሰ ነው። በብዛት የታሸገ ርካሽ መንጠቆ መግዛት አይከፋም፤ ነገር ግን ጥቂቱን አውጥቶ መፈተሽ ግድ ነው። ጫፉ ጥፍር ላይ ሲጎተት ከተንሸራተተ ደንዟል። በሞርሳ ተይዞ ሲጫኑት ታጥፎ የሚቀር ወይም ቀጭ ብሎ የሚሰበር አይረባም፤ ደህናው ጥቂት ጎበጥ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። የዓሣ ማጥመጃው ክር የሚታሰርበት ቀለበትም በደንብ የተዘጋ መሆን አለበት። እነዚህን ያለፈ ርካሽ መንጠቆ ለጀማሪ በቂ ነው።