የአፕል ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሌላ ፋብሪካ ኮምፒዩተር ላይ

ኮምፒዩተር ሁለት ነገሮች ተባብረው የሚሠሩበት ዕቃ ነው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው አካል ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንን አካል የሚመራው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተባለው ፕሮግራም ነው። አካሉን በአንድ ትልቅ ቤት፣ ሲስተሙን ደግሞ በዚያ ቤት መጋቢ ብንመስለው ነገሩ በቶሎ ይገባናል። መጋቢው ጎተራው የት እንደ ሆነ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ውሃ ቀጂው በምን ስም እንደሚጠሩ ዐውቆ እያንዳንዱን በየሥራው ያሰማራል። ይህንኑ መጋቢ ወደማያውቀው ሌላ ቤት ብንወስደው ግን ምንም ብልህ ቢሆን ጎተራውን እስኪያገኝ ድረስ መደናገሩ አይቀርም።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግሁት አንድ ሲስተም ባለቤቱ ባላሰበለት ኮምፒዩተር ላይ እንዴት ሊሠራ እንደሚችልና ይህም ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው። ለምሳሌ የመረጥሁት የአፕልን ማክ ኦኤስ ነው። ማክ ኦኤስ የተጫነበት፣ ነገር ግን አፕል ያልሠራው ኮምፒዩተር በተለምዶ «ሀኪንቶሽ» ይባላል፤ ስሙም «ሀክ» እና «ማኪንቶሽ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት በክፍል ጓደኞቼ ንግግር ውስጥ ዘወትር ሲደባለቁ የምሰማቸውን ሦስት ቃላት ለያይቶ ስለሚያሳይ ነው። እነርሱም «አይችልም»፣ «አልተፈቀደም» እና «ድጋፍ የለውም» የሚሉት ናቸው። የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

የነገሩ መነሻ

አፕል የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ በ1984 ለገበያ ሲያወጣ አካሉንም ሲስተሙንም የሠራው ራሱ ነበር። ከሲስተሙ ዋና ዋና ክፍሎች ብዙዎቹ የሚገኙት በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለና የተጻፈበት በማይለወጥ የ64 ኪሎባይት ማስታወሻ ውስጥ ስለ ነበር፣ ያ ማስታወሻ በሌለበት ሲስተሙ ሊነሣ አይችልም ነበር። ከዚህም በላይ የማኪንቶሽ ፕሮሰሰር በመጀመሪያ የሞቶሮላ፣ ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ፓወር ፒሲ የተባለው ነበር። በሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ዘንድ የተለመደው የኢንቴል ፕሮሰሰር ግን የሚሰማው የትእዛዝ ቋንቋ ሌላ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ማክ ኦኤስ በተራ ኮምፒዩተር ላይ በቀጥታ አይሠራም ሲባል ትርጉሙ «አይችልም» ማለት ነበር።

በ1995 አፕል ፓወር ኮምፒዩቲንግን ለመሳሰሉ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጠ፤ እነርሱም ማክ ኦኤስ የሚሠራባቸውን ኮምፒዩተሮች እየሠሩ በርካሽ ይሸጡ ጀመር። ዳሩ ግን የአፕልን የራሱን ገበያ ስለ ተሻሙ፣ ስቲቭ ጆብስ በ1997 ወደ ኩባንያው ከተመለሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲቀር ተደረገ። የእነዚህ ኩባንያዎች ችሎታ እንዳለ ነበር፤ ሥራውን ያስቆመው የፈቃዱ መቅረት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ2005 ስቲቭ ጆብስ ማኪንቶሽ ወደ ኢንቴል ፕሮሰሰር እንደሚዛወር አስታወቀ፤ የመጀመሪያዎቹም የኢንቴል ማኪንቶሾች በ2006 መጀመሪያ ላይ ወጡ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአፕል ኮምፒዩተርና በየሱቁ የሚሸጠው ተራ ኮምፒዩተር በፕሮሰሰር፣ በማስታወሻና በዲስክ ረገድ ተቀራራቢ ሆኑ። «አይችልም» የሚለው ቃልም ኃይሉን አጣ።

አሠራሩ

ፕሮሰሰሩ አንድ ዓይነት ከሆነ ሲስተሙን መጫን ብቻ ይበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በመካከሉ ሦስት እንቅፋቶች አሉ።

የመጀመሪያው እንቅፋት በአነሣሡ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቃው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በ2006 አብዛኞቹ ተራ ኮምፒዩተሮች የሚነሡት ባዮስ በተባለው አሮጌ ሥርዓት ሲሆን፣ የአፕሎቹ ግን የሚነሡት ኢኤፍአይ በተባለው አዲስ ሥርዓት ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያገናኝ፣ ቡትሎደር የተባለ ፕሮግራም አስፈለገ። ለዚህ ሥራ በመጀመሪያዎቹ ዓመቶች ካሚሊዮን፣ ቀጥሎ ክሎቨር፣ ከ2019 ወዲህ ደግሞ ኦፕን ኮር የተባሉት አገልግለዋል። ቡትሎደሩ ሲስተሙ ከመነሣቱ በፊት የኮምፒዩተሩን የሞዴል ስም፣ መለያ ቁጥሩንና የዕቃዎቹን ዝርዝር እንደ ማኪንቶሽ አድርጎ ያቀርብለታል። በምሳሌያችን ብንናገር፣ መጋቢው ከእንግዳው ቤት ደጃፍ ሲደርስ «ይህ የለመድኸው ቤት ነው፤ ግባ» የሚለው እርሱ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ቁልፍ ነው። በኢንቴል ማኪንቶሽ ውስጥ የማራገቢያውን ፍጥነትና የኤሌክትሪክ ኃይሉን የሚቆጣጠር ኤስኤምሲ የተባለ ክፍል አለ። ሲስተሙ እንደ ፋይንደር ያሉትን ዋና ዋና ፕሮግራሞቹን በምስጢር ጽሑፍ ቈልፎ ያስቀምጥና መክፈቻውን ከዚህ ክፍል ይጠይቃል። በተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ይህ ክፍል ስለሌለ መልስ አይገኝም፤ መልስ ካልተገኘም ፕሮግራሞቹ አይከፈቱም። ፌክ ኤስኤምሲ፣ ኋላም ቨርቹዋል ኤስኤምሲ የተባሉ ፕሮግራሞች በዚያ ክፍል ፈንታ ቆመው ይመልሳሉ። አንባቢ ሆይ፤ ይህ ቁልፍ የተበጀው ሲስተሙ በባዕድ ዕቃ ላይ እንዳይሠራ መሆኑን ልብ በል። የቴክኒኩ ጥያቄ ከሕጉ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ድራይቨር ነው። ድራይቨር ማለት ሲስተሙ ከአንድ ዕቃ ጋር፣ ለምሳሌ ከግራፊክስ ካርድ፣ ከድምፅ ወይም ከኔትወርክ ካርድ ጋር የሚነጋገርበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። አፕል በበኩሉ ድራይቨር የሚያዘጋጀው በራሱ ኮምፒዩተሮች ለሚጠቀምባቸው ዕቃዎች ነው። ስለዚህ ብልህ የሆነ የሀኪንቶሽ ሠሪ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት አፕል በየትኛው ሞዴሉ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዳስገባ ይመረምራል። ለምሳሌ ራዴዮን አርኤክስ 580 የተባለው የኤኤምዲ ካርድ በሀኪንቶሽ ሠሪዎች ዘንድ የተወደደው፣ አፕል በ1 ቤተሰብ የሚቈጠረውን ራዴዮን ፕሮ 580 በ2017 በአይማክ ውስጥ ስላስገባው ነው።

የዚህ ተቃራኒ የደረሰው በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ ነው። ከኬፕለር ትውልድ በኋላ የወጡት ካርዶች ሃይ ሲየራ እስከተባለው የማክ ኦኤስ ዓይነት ድረስ ኤንቪዲያ ራሱ በሚያወጣው ድራይቨር ይሠሩ ነበር። በ2018 ሞሃቪ የተባለው አዲስ ሲስተም ሲወጣ ግን ለእነዚህ ካርዶች ድራይቨር ሳይገኝ ቀረ። ባለቤቶቹም በአሮጌው ሲስተም ከመቆየትና ሌላ ካርድ ከመግዛት አንዱን ለመምረጥ ተገደዱ። ካርዱ አልተቃጠለም፤ ኮምፒዩተሩም አልደከመም። ያልተገኘው ለሥራው ኃላፊነት የሚወስድ አካል ብቻ ነው።

ከዚህ ምሳሌ «ድጋፍ» የሚለው ቃል ትርጉም ይገለጥልናል። ድጋፍ ማለት አንድ ኩባንያ ይህ ሲስተም በዚህ ዕቃ ላይ እንዲሠራ እኔ ኃላፊ ነኝ፣ ቢበላሽ እጠየቃለሁ ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። ቃሉ በሌለበት ሲስተሙ ለብዙ ወራት ያለ እንከን ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን አዲስ አፕዴት በመጣ ቁጥር ባለቤቱ ሌሎች በጎ ፈቃደኞች እስኪሞክሩት ይጠብቃል፣ የፋይሎቹንም ቅጂ በሌላ ዲስክ ያስቀምጣል፣ ድምፁ ወይም ኔትወርኩ ቢጠፋም መላውን የሚፈልገው ራሱ ነው።

እንዲህ ያለ ድካም ካለበት ሰዎች ስለምን ይህን መረጡ ቢባል፣ ምክንያቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አፕል በ2013 ያወጣው ማክ ፕሮ ካርድ የሚጨመርበት ክፍት ቦታ ያልነበረው ሲሆን፣ እርሱን የሚተካው ሞዴል እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ አልወጣም። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ኃይለኛና በየጊዜው የሚሻሻል ኮምፒዩተር የፈለጉ የፊልምና የሙዚቃ ሠራተኞች ወደ ሀኪንቶሽ ተመለከቱ። ሌሎች ደግሞ ለመማር ሲሉ ገቡበት። እኔም እንደሚመስለኝ ኮምፒዩተር ከበራበት ቅጽበት ጀምሮ እስከሚነሣ ድረስ በውስጡ የሚሆነውን ለማወቅ ይህን የመሰለ ትምህርት ቤት ጥቂት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

አፕል ከሲስተሙ ጋር የሚሰጠው የፈቃድ ውል ማክ ኦኤስ የአፕል ምልክት ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንዲጫን ይፈቅዳል። ይህ ነገር ወደ ፍርድ ቤት የደረሰበት የታወቀ ጉዳይ አለ። በ2008 ሳይስታር የተባለ የፍሎሪዳ ኩባንያ ማክ ኦኤስ የተጫነባቸውን ተራ ኮምፒዩተሮች መሸጥ ጀመረ። አፕል በዚያው ዓመት ከሰሰው። ሳይስታር የሲስተሙን ዲስኮች በገንዘቡ የገዛ መሆኑን፣ አፕልም ሲስተሙን ከራሱ ዕቃ ጋር ማሰሩ መብቱን ያለ አግባብ መጠቀም መሆኑን አንሥቶ ተከራከረ። በሰሜን ካሊፎርኒያ የተሰየመው የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ግን በ2009 ሳይስታር የአፕልን የቅጂ መብት እንደ ጣሰ ፈረደ፤ ከዚያም ሽያጩን ከለከለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2011 ፍርዱን አጸና።

ይህ ፍርድ ለብዙዎቻችን አንድ ነገር ያስተምረናል። መጽሐፍ የገዛ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ለወዳጁ ሊያውሰው ይችላል፤ መጽሐፉን በማተሚያ ቤት አባዝቶ ሊሸጠው ግን አይችልም። የሳይስታር ኮምፒዩተሮች ደኅና አድርገው ይሠሩ ነበርና ጉድለቱ በችሎታ ላይ አልነበረም። «አልተፈቀደም» ማለት ይህ ነው። ወላጆችም ቢሆኑ ያልታወቀ ሻጭ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ማክ ኦኤስ ጭኖ በርካሽ ቢያቀርብላቸው፣ የሚገዙት ነገር ፈቃድም ድጋፍም የሌለው መሆኑን እንዲያውቁ ያስፈልጋል።

የበሩ መዘጋት

በ2020 አፕል ከኢንቴል ተለይቶ ኤም1 የተባለውን የራሱን ፕሮሰሰር አወጣ። ይህም የሚሰማው የትእዛዝ ቋንቋ ከኢንቴል የተለየ ነው። በ2025 ደግሞ ታሆ የተባለው ማክ ኦኤስ በኢንቴል ማኪንቶሾች ላይ የሚሠራ የመጨረሻው እንደሚሆን ኩባንያው አስታወቀ። እንግዲህ ከታሆ በኋላ ለሚወጡት ሲስተሞች በ2006 የተከፈተው በር ይዘጋል፤ የሀኪንቶሽም ነገር ተመልሶ ወደ «አይችልም» ይሄዳል ማለት ነው።

በሌላ አቅጣጫ ግን ያልተዘጋ በር አለ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ጽፎ ለሰው ሁሉ አቀረበው። በ1992 የተቀበለው የፈቃድ ውል ማንም ሰው በማናቸውም ዕቃ ላይ እንዲጭነው፣ እንዲለውጠውና ለሌላ እንዲያካፍለው ይፈቅዳል። ኤም1 ከወጣ በኋላም አሳሂ ሊኑክስ የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ሊኑክስን በአፕል ኮምፒዩተሮች ላይ ለማስነሣት ተነሡና በ2022 የመጀመሪያውን የሙከራ ሥራቸውን አወጡ። አፕል የአሠራሩን መመሪያ አልሰጣቸውም፤ ሌላ ሲስተም እንዳይነሣ ግን በሩን አልቈለፈም። እንዲህ ያለው ሥራ ድጋፍ ባይኖረውም የተፈቀደ ነው።

ይህ ነገር ከእኛ ሩቅ አይደለም። ዊንዶውስ 11 በ2021 ሲወጣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ያለው ኮምፒዩተር ጠየቀ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በ2025 በኦክቶበር ወር አበቃ። ስለዚህ በትምህርት ቤታችንና በየቤታችን ያሉ ብዙ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ሳይበላሹ ድጋፍ አልባ ሆነዋል። እነዚህን ከመጣል በፊት ሊኑክስ ቢጫንባቸው ገና ብዙ ተማሪ ሊያስተምሩ ይችላሉ። የፊደላችንም ነገር አያሳስብም፤ በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ስለ ገባ በሊኑክስም ዐማርኛ ይጻፍበታል።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አንድን ሲስተም ባልታሰበለት ኮምፒዩተር ላይ ከመጫናችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ። ይችላልን? ተፈቅዷልን? ቢበላሽ ኃላፊው ማን ነው? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአዎንታ መልሶ ለሦስተኛው «እኔ ነኝ» ለማለት የሚደፍር ተማሪ በራሱ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይሞክር፤ ብዙ ይማርበታል። የትምህርት ቤቱን የውጤት መዝገብ ግን ኃላፊ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ አያስቀምጥ።