ተቂዩዲን፦ ሰማይን በሰዓት የለካው ቃዲ

በሻዕባን 29ኛው ቀን ማምሻ ሲቀላ ላይ ቆሞ አዲስ ጨረቃ ለማየት የሞከረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። አባያና ጫሞ በስተምሥራቅ ናቸው፤ ጨረቃዋ የምትፈለግበትን የምዕራብ ሰማይ ግን የጋሞ ደጋ ተራሮች ይጋርዱታል። ቀጭኗ ጨረቃ ገና ሳትለይ ከተራራው ጀርባ ትሰወራለች።

በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት አብሮኝ ሲያንጋጥጥ የቆየ ተማሪ፣ «ኡስታዝ፣ ከዋክብትን ማጥናት ከኮከብ ቆጣሪነት አይለይም ይሉኛል። እውነት ሐራም ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ልጁ ቀን ፊዚክስ ይማራል፤ ማታ ቁርኣን ይቀራል። ከሁለቱ አንዱን መተው ያለበት መስሎት ተጨንቋል። እኔም የአንድ ቃዲ ታሪክ ነገርኩት።

ተቂዩዲን ኢብን መዕሩፍ እ.ኤ.አ. በ1526 በደማስቆ ተወለደ። በደማስቆና በካይሮ የሃይማኖት ዕውቀትንም ሒሳብንም ቀስሞ በቃዲነትና በመምህርነት አገለገለ። ስለ ውሃ መሳቢያ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም በክብደትና በሞላ ስለሚሠሩ ሰዓቶች መጻሕፍት ጻፈ። በ1571 ኢስታንቡል ውስጥ የሱልጣኑ ዋና የከዋክብት ተመራማሪ ሆኖ ተሾመ።

በዘመኑ ይሠራበት የነበረው የኡሉግ ቤግ የከዋክብት ሰንጠረዥ ከመቶ ዓመት በላይ ስላለፈው ስሌቱ ከሰማዩ ጋር አልገጥም ብሎ ነበር። ተቂዩዲን ይህን ለማረም ሱልጣን ሙራድ ሣልሳዊን አስፈቅዶ በ1577 ቶፕሃኔ በተባለው ሰፈር የከዋክብት መመልከቻ አሠራ። ለምልከታውም የሰዓት መሣሪያን ተጠቀመ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰማይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞር ይመስላል፤ ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ስሕተት እስከ ሩብ ዲግሪ ያዛባል። ይህም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ግማሽ ያህላል።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ታየ። ቤተ መንግሥቱ ትርጉሙን ሲጠይቀው ተቂዩዲን በጎ ዕድልንና ድልን ተነበየ። ብዙም ሳይቆይ ወረርሽኝ ገባ፤ ታላላቅ ሰዎች ሞቱ። ደጋፊው ታላቁ ቬዚር ሶኮሉ መሕመድ ፓሻም በ1579 ተገደለ። የቤተ መንግሥት ሽኩቻና የሸይኸል ኢስላሙ ተቃውሞ ተጨምረውበት መመልከቻው በጥር 1580 እንዲፈርስ ታዘዘ። የተገነባበት ዓመት ሦስት እንኳ በወጉ አልሞላም።

ያንኑ ጅራታም ኮከብ በዴንማርክ ቲኮ ብራሄም ለክቶት ከጨረቃ የራቀ መሆኑን አሳየ። ቲኮም ለንጉሡ ትንበያ ይጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በደሴቱ ላይ ሠራ። ኬፕለር የፕላኔቶችን እንቅስቃሴ ሕግ ያገኘው የቲኮን መዝገብ ይዞ ነው። ተቂዩዲን በ1585 ሲሞት የቀሩለት መጻሕፍቱና ያልተሟሉ ምልከታዎቹ ናቸው።

እንግዲህ ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ እዚህ ላይ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ቀን ፀሐይ ብትጋረድ ሰዎች ከሞቱ ጋር አያያዙት። እርሳቸው ግን ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ። ተቂዩዲን ሰማይን ሲለካ ዕውቀት ላይ ነበር፤ የሱልጣኑን ዕድል ከሰማይ ሲያነብ ግን ከዚህ ትምህርት ወጣ። የፈረሰው ደግሞ ትንበያው ብቻ ሳይሆን ልኬቱም ጭምር ነው። ሁለቱን ያልለየ ማኅበረሰብ ከመጥፎው ጋር መልካሙንም ያጣል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ስለ ሰማይ ሲጠይቁ ዝም አታሰኟቸው። ዛሬ በእንጦጦ ተራራ የአገራችን ተመራማሪዎች የሚሠሩባቸው ቴሌስኮፖች አሉ፤ ለጀማሪ ግን ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ተማሪዬ አሁን በየወሩ ጨረቃዋ የታየችበትን ቀንና ሰዓት፣ ከየትኛው ተራራ ጀርባ እንደገባች ይጽፋል። ከዚያም ተነሥቶ ወደ መግሪብ ሶላት ይሄዳል።

ወላሁ አዕለም።