የአሮጌ ለስላሳ መሸጫ ማሽን ገበያ፤ ትርፍና ኪሣራው ከሳንቲም መቀበያው

በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ፈላጊ ካላቸው ሸቀጦች አንዱ፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራው በሳንቲም የሚሠራ የለስላሳ መጠጥ መሸጫ ማሽን ነው። ቬንዶ፣ ቬንዶርሌተርና ካቫሊየር የተባሉት ኩባንያዎች የሠሯቸው እነዚህ ማሽኖች ዛሬ በአብዛኛው የሚገዙት ለቤትና ለምግብ ቤት ማስዋቢያ ነው። ገዢው አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙንና ማቀዝቀዣውን ነው። ይሁን እንጂ ማሽኑ «ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ተብሎ ዋጋ ሲቆረጥለት፣ ብዙውን ጊዜ ወሳኟ ከበሩ ጀርባ ያለችው ትንሽ የብረት ሣጥን፣ ማለትም የሳንቲም መቀበያዋ ናት።

የዚህች ሣጥን ጉልበት በዋጋ ታሪክም ታይቷል። ኮካ ኮላ ከ1886 አንስቶ ለ70 ዓመታት ያህል በ5 ሴንት ሲሸጥ ቆይቷል። ዋጋውን አስረው ከያዙት ምክንያቶች አንዱ ማሽኖቹ ለባለ 5 ሴንት ሳንቲም መሠራታቸው ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ሳንቲም ባለ 10 በመሆኑ፣ ወደ እርሱ መሻገር ዋጋውን እጥፍ ማድረግ ነው። በ1953 የኩባንያው መሪ ሮበርት ውድረፍ ባለ 7.5 ሴንት ሳንቲም እንዲወጣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርን እስከ መጠየቅ ደርሰው ነበር፤ ጥያቄው ግን ተቀባይነት አላገኘም። መንግሥትም ቢሆን በ1965 ከባለ 10 እና ከባለ 25 ሴንት ሳንቲሞች የብር ማዕድን ሲያስወጣ፣ በምትኩ የመረጠው በነባር ማሽኖች የሚያልፍ ቅይጥ ነው።

ሣጥኗ ምን ትመረምራለች?

መቀበያዋ እንደ ጠንቃቃ ገንዘብ ተቀባይ ናት። ባለ 5 ሴንቱ 5 ግራም ይመዝናል፤ የጐኑ ስፋትም 21.21 ሚሊ ሜትር ነው። ሳንቲሙ መጀመሪያ ስፋቱና ክብደቱ በትንሽ ተወዛዋዥ ሚዛን ይለካል። ቀጥሎ በማግኔት ፊት ይንከባለላል። ብረት ከሆነ እዚያው ይያዛል። ሌላ ማዕድን ከሆነ ደግሞ ማግኔቱ እንደ ማዕድኑ ዓይነት ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ትክክለኛው ሳንቲም በተለካ ፍጥነት ወጥቶ ወደ መቀበያው ቀዳዳ ሲወድቅ፣ ሐሰተኛው ወደ መመለሻው ይሄዳል።

ብልሽቱ በምልክቱ ይለያል

ሁሉም ሳንቲም የሚመለስ ከሆነ ሣጥኗን ከመፍታት በፊት መስመሩንና ጠርሙሱን ማየት ይገባል። በኤሌክትሪክ የሚታገዙ ብዙ መቀበያዎች፣ ኃይል ሲቋረጥ ወይም ጠርሙስ ሲያልቅ የደንበኛውን ገንዘብ እንዳይበሉ ሳንቲሙን እንዲመልሱ የተሠሩ ናቸው። ከዚህም ሌላ ዋጋው ከጨመረ በኋላ ብዙ ማሽኖች ወደ 10 ሴንት ተለውጠዋል። በባለ 5 ሴንት የሞከረ ገዢ ጤነኛውን ማሽን ብልሹ ነው ብሎ ሊተወው ይችላል።

ጥሩ ሳንቲም አንዳንዴ ሲያልፍ አንዳንዴ ሲመለስ፣ ወይም መሐል ላይ ሲቀር፣ በአብዛኛው ጥፋተኛው ቆሻሻ ነው። የደረቀ የለስላሳ ስኳርና አቧራ ሚዛኑን ያጣብቁታል፤ ማግኔቱም የብረት ብናኝ ይሰበስባል። መፍትሔው ሣጥኗን አውጥቶ በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በሚገባ ማድረቅና ብናኙን መጥረግ ነው። ዘይት መቀባት ግን ትልቁ ስሕተት ነው፤ ዘይቱ አቧራ ይስባል፣ ሳንቲሙንም ያዘገያል። ማሽኑ ያዘመመ ከሆነም የሳንቲሙ መንገድ ስለሚዛባ በውኃ ልክ አስተካክሎ ማቆም ያስፈልጋል።

ሳንቲሙ ገብቶ ጠርሙስ ካልወጣ ችግሩ ከመርማሪዋ ሣጥን በታች ነው። ብዙ ጊዜ ሳንቲሙ ሲያልፍ የሚነካው የስዊቹ ቀጭን ሽቦ ጠሞ ወይም ከቦታው ለቅቆ ይገኛል። ይህን የሚነካ ሰው አስቀድሞ ሶኬቱን መንቀል አለበት።

ልዩነቱ የገንዘብ ልዩነት ነው። ቆሻሻ የያዘው መቀበያ ከግማሽ ቀን ሥራ አያልፍም። የተሰበረ ወይም ጭራሹን የጠፋ መቀበያ ሲሆን ግን ለሞዴሉና ለተቆረጠው ዋጋ የሚስማማ ሌላ ማፈላለግ ጊዜም ወጪም ይጠይቃል። ሻጩ «ትንሽ ቢጸዳ ይሠራል» ሲል፣ ታዲያ ራሱ አጽድቶ በሚሠራ ማሽን ዋጋ ለምን እንዳልሸጠው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለዚህ ገዢ ኪሱ ውስጥ ከዋጋው ገንዘብ ሌላ ሃያ ያህል ሳንቲም ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል። ማሽኑ መስመር ላይ እያለ አንድ በአንድ ጨምሮ ስንቱ እንዳለፈና ስንቱ እንደተመለሰ ከቆጠረ በኋላ መከራከር ይችላል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ቀለም አይቶ የከፈለ ሰው በኋላ የሚለቅመው ሳንቲም ሳይሆን መለዋወጫ ይሆናል።