በጥር 2013 ለሠርግ ባሕር ዳር መሄድ፦ ትኬት ከመቁረጥ በፊት ቀን መቁጠር

የጥር 2013 ሠርግ ደርቶ ነበር። ዐቢይ ጾም የካቲት 29 እስኪገባ ድረስ ጣና ዳር ያሉ አዳራሾችና መናፈሻዎች ቅዳሜና እሑድ ሙሽራ አያጡም ነበር። ከአዲስ አበባም ከውጭም ብዙ እንግዳ እየተጓዘ ነበር። "ኮሮና እኮ ቀረ" የሚለውም በዝቶ ነበር። አልቀረም ነበር! ያበቃው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ነበር፤ ያኔ የሚሠራው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ቁጥር 30/2013 ነበር። ክትባትም ያኔ ገና አገራችን አልገባም ነበር። ስለዚህ የሠርግ እንግዳ ያኔ ማወቅ የነበረበትን ባጭሩ እንንገራችሁ።

ከውጭ ይመጡ ለነበሩ

ከመድረሳቸው በፊት ባሉት 120 ሰዓታት (5 ቀናት) ውስጥ የተሠራ የፒሲአር ምርመራ ውጤት ያስፈልግ ነበር፤ ከቫይረሱ ነፃ መሆናቸውን የሚገልጽ። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይጠየቁም ነበር።

ብዙ ሰው ይረሳው የነበረው ቀጣዩን ነው። ወረቀቱን ይዞ የገባ ሰውም 7 ቀን ቤት ውስጥ ራሱን ለይቶ መቆየት ነበረበት። ሐሙስ ቦሌ ደርሶ ቅዳሜ ሠርግ ላይ መጨፈር አልነበረም ማለት ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ከሆነ ቢዘገይ ቢዘገይ ባለፈው ሳምንት ዓርብ መግባት ያስፈልግ ነበር።

ለምን? ቫይረሱ በያዘን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምርመራው ላያገኘው ይችላል። ናሙና ከሰጣችሁ በኋላም መንገድ ላይ ልትያዙ ትችላላችሁ።

ከአዲስ አበባ ለምትሄዱ

በአውሮፕላን 1 ሰዓት ገደማ፣ በመኪና ደግሞ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ረጅም ሰዓት በተዘጋ መኪና አብሮ መቀመጥ ራሱ አደጋ ነው። ማስካችሁን አታውልቁ፣ መስኮት ክፈቱ። ትኩሳት፣ ሳል፣ ወይም ሽታና ጣዕም ማጣት ካለባችሁ ግን ቅሩ። ስጦታውን በባንክ ላኩት፤ ሙሽሮቹ አይቀየሟችሁም።

አዳራሹ ውስጥ

👉 በዚያው መመሪያ ያለ ፈቃድ ከ50 ሰው በላይ መሰብሰብ አይቻልም ነበር። ደጋሾች የጥሪ ካርድ ከማሳተማቸው በፊት ይህን ማሰብ ነበረባቸው።
👉 በአንድ ጠረጴዛ ከ3 ሰው በላይ አይቀመጥም ነበር።
👉 ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ ማስክ ማድረግ ነበረበት።
👉 መጨባበጥና መሳሳም አልነበረም። እጅ ነስቶ ሰላም ማለት ይበቃ ነበር።

ሠርግ ለቫይረሱ የሚመቸው ዝም ብሎ አይደለም። እልልታውም ዘፈኑም ትንፋሽን ራቅ አድርጎ ይበትናል፤ ጉርሻ አለ፤ ከቅድመ አያት እስከ ሕፃን በአንድ ቤት ውሎ ያመሻል። ከተቻለ ድግሱን በቀንና በግልጽ ቦታ አድርጉት። ጣና ዳር ደግሞ ለዚህ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። መቅረት ያለበት ዘመድ በቪዲዮ ይከታተል።

ጣና ላይ

በማግስቱ በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ መሄድ የተለመደ ነው። ጀልባው ላይ አትጨናነቁ። ገዳማቱ ውስጥ ብዙ አረጋውያን መነኮሳት አብረው ይኖራሉ፤ አንድ ሰው ከታመመ ሌላውን ማትረፍ ከባድ ነው። ማስክ አድርጉ፣ ራቅ ብላችሁ ተሳለሙ፣ ሕመም የሚሰማው ሰው ጀልባው ላይ አይውጣ።

ባሕር ዳር ይህን በደንብ ታውቀዋለች። መጋቢት 22 ቀን 2012 በክልሉ የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ሲገኙ ከእንጅባራ፣ ከቲሊሊና ከአዲስ ቅዳም ጋር ለ14 ቀናት ተዘግታ ነበር። እንግዳው ሰኞ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ይዞት የመጣው ቫይረስ ግን የሙሽሪት አያት ቤት ሊቀር ይችላል።

ከተመለሳችሁ በኋላ

14 ቀን ራሳችሁን ተከታተሉ። ምልክት ካያችሁ ቤት ቆዩና በነፃ ወደ 8335 ደውሉ። ለደጋሾቹም ሳታፍሩ ንገሯቸው፤ አብሯችሁ የበላው ሰው ቶሎ መመርመር አለበት።