ኮምፒውተርዎ አፕዴት ካደረገ በኋላ የስክሪኑ የማታ ቀለም ለምን ይዛባል?

በዚህ ወር አምዳችን ከወትሮው ለየት ያለ ርዕስ ይዘን ቀርበናል። እንደሚታወቀው ኮምፒውተር በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሥራም የትምህርትም መሣሪያ ሆኗል። ልጆች ከዒሻእ በኋላ የቤት ሥራቸውን ይሠሩበታል፤ ወላጅም ቀን ያልደረሰበትን ሥራ ይጨርስበታል። የማታው ብርሃን እንቅልፍ እንዳይነሳ በማለትም ብዙዎች ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚለውጠውን ፕሮግራም ይጠቀማሉ።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተሩ አፕዴት ባደረገ ማግስት ፕሮግራሙ ጭራሽ ሥራውን ሊያቆም፣ ወይም በጠራራ ፀሐይ ስክሪኑን ብርቱካናማ ሊያደርገው ይችላል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ትቶት በነጩ ስክሪን ያመሻል። ሌላው ደግሞ ኮምፒውተሩን ይዞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል፤ «ፎርማት ይደረግ» ሲባልም እሺ ብሎ የዓመታት ፎቶና ሰነዱን ሊያጣ ይችላል። ሆኖም ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ በጥቂት ደቂቃዎች የሚፈታ ነው።

የብርሃን ቀለም ከእንቅልፍ ጋር ምን አገናኘው?

የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የሻማ ብርሃን ወደ 1900፣ የድሮው ቢጫ አምፖል ወደ 2700፣ የተለመደው የኮምፒውተር ስክሪን ደግሞ ወደ 6500 ኬልቪን ይጠጋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ዓይናችን ከማየት ሌላ ተጨማሪ ተግባር አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. ዴቪድ በርሰን የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በአይጥ ዓይን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከምናይባቸው ሕዋሳት ሌላ በራሳቸው ብርሃንን የሚለዩ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳይተዋል። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ዓይንም ውስጥ ይገኛሉ። ይበልጥ የሚነቁት በሰማያዊ ብርሃን ሲሆን፣ ገና ቀን መሆኑን ለአንጎል ያሳውቃሉ። በዚህም ምክንያት ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን መመንጨቱ ይቀንሳል። ለሱብሒ ሶላት ለሚነሳ ሰው ደግሞ የመነሻው ሰዓት የተወሰነ ነው። አምሽቶ የተኛ እንቅልፉን ጠዋት ሊያካክስ አይችልም።

ይህን ለማቃለል በ2009 እ.ኤ.አ. ኤፍ.ሉክስ የተባለው ፕሮግራም ወጣ። አፕል በ2016 ለአይፎን፣ በ2017 ደግሞ ለማክ ኮምፒውተሮቹ ናይት ሺፍት የተባለውን አቀረበ። ማይክሮሶፍትም በ2017 ናይት ላይት የተባለውን በዊንዶውስ 10 ውስጥ አካተተ። ሁሉም ሰዓቱን፣ ብዙ ጊዜም ያሉበትን ቦታ አይተው የስክሪኑን ቀለም ይለውጣሉ። እንግዲህ አፕዴት ከእነዚህ አንዱን ሲነካ ቀለሙ ይዛባል ማለት ነው። የሚከተሉትን በቅደም ተከተል ይመልከቱ።

1ኛ. በትክክል ሪስታርት ያድርጉ

ዊንዶውስ «ሸት ዳውን» ሲባል ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ለፍጥነት ሲባል ከፊሉን አስቀምጦ ይተኛል። ስለዚህ አጥፍቶ ማብራት ብቻውን ላይበቃ ይችላልና «ሪስታርት» የሚለውን ይምረጡ። ያልተጠናቀቀ አፕዴት ካለም በዚሁ ያልቃል።

2ኛ. ሰዓቱንና የሰዓት ክልሉን ይመልከቱ

በአገራችን ይበልጥ የሚያሳስተው ይህ ነው። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ ምዕራብ የሰዓት ክልል ላይ እያለ ሰዓቱን ብቻ በእጅ ቢያስተካክሉት፣ ለዓይን ልክ ይመስላል። ነገር ግን በሁለቱ ቦታዎች መካከል የ10 ወይም የ11 ሰዓት ልዩነት ስላለ፣ ኮምፒውተሩ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት ሲያሰላ ቀንና ሌሊቱ ይገለባበጥበታል። ስክሪኑ ቀን ቢጫ፣ ማታ ነጭ ቢሆንብዎ መጀመሪያ ይህን ይጠርጥሩ።

መፍትሔው ቀላል ነው። «ሴቲንግስ» ገብተው ከሰዓትና ቋንቋ ክፍል ታይም ዞን የሚለውን ያግኙ። በኢትዮጵያ ላሉ ትክክለኛው ምርጫ ፕላስ 3 ሰዓት፣ ናይሮቢ የሚለው ነው። በሌላ አገር ያሉ አንባቢያን ደግሞ የሚኖሩበትን ከተማ ይመርጣሉ። ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ግን ጥፋቱ የአፕዴቱ ላይሆን ይችላል፤ በውስጡ ያለችው ትንሿ የሰዓት ባትሪ አልቃ ይሆናል። ይህ ባትሪ መቀየር እንጂ ፎርማት አይጠይቅም።

3ኛ. የቦታ ፈቃዱ አለመዘጋቱን ያረጋግጡ

«ከፀሐይ መጥለቂያ እስከ መውጫ» የሚለው ምርጫ እንዲሠራ ኮምፒውተሩ የት እንዳሉ ማወቅ አለበት። ከአፕዴት በኋላ «ሎኬሽን» የሚለው ተዘግቶ ከተገኘ ይህ ምርጫ ይደበዝዛል፤ አይነካም። «ሴቲንግስ» ውስጥ ከፕራይቬሲ ክፍል መልሰው ይክፈቱት።

ያሉበትን ቦታ ማሳወቅ ካልፈለጉ ሰዓቱን ራስዎ መሙላት ይችላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም፤ በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ከ50 አካባቢ ነው። ነገር ግን ይጠንቀቁ። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ለማለት 7 ሰዓት ፒ.ኤም. ይሙሉ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት ለማለት 6 ሰዓት ኤ.ኤም. ይሙሉ። በእኛ ሰዓት ከሞሉት ቢጫው ቀለም ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ይመጣል።

4ኛ. የስክሪኑን ድራይቨር ይመልከቱ

ድራይቨር ማለት ዊንዶውስን ከስክሪን ካርዱ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። አፕዴት አንዳንድ ጊዜ ትክክለኛውን በሌላ ይተካዋል። «ስታርት» የሚለውን በቀኝ ጠቅ አድርገው «ዲቫይስ ማኔጀር»፣ ከዚያም «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ይክፈቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካዩ ትክክለኛው ድራይቨር የለም ማለት ነው፤ ናይት ላይትም አይሠራም። ከኮምፒውተርዎ አምራች ድረ ገጽ ለሞዴሉ የተዘጋጀውን አውርደው ይጫኑ። ድራይቨሩ ኖሮ ችግሩ ከአፕዴቱ በኋላ የመጣ ከሆነ ደግሞ በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሮል ባክ ድራይቨር» በሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሱት።

5ኛ. ሁለት ፕሮግራም አብሮ እንዳይሠራ

ቀድሞ ኤፍ.ሉክስ የነበረው ኮምፒውተር ላይ ናይት ላይትም ከተከፈተ ሁለቱ ቀለም ይደራርባሉ። ስክሪኑ ከመጠን በላይ ይቀላል፤ አንዳንዴም ይርገበገባል። አንዱን መርጠው ሌላውን ይዝጉ።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልተሳካ ወደ ባለሙያ ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ግን ፋይሎችዎን በፍላሽ ወይም በሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ መሆኑን፣ ከላይ ያሉትንም መሞከርዎን ይንገሩት። ፎርማት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም።

ቢጫው ቀለም ብቻውን አይበቃም

አንድ ነገር ግን መረሳት የለበትም። በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 የሆኑ 167 ሰዎችን ተከታትሎ፣ በስልካቸው ናይት ሺፍትን የከፈቱት ካልከፈቱት የተሻለ እንቅልፍ አላገኙም ብሏል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን ዓይንን እንደሚጎዳ ማስረጃ የለም ይላል። የዓይን ድርቀትና ድካም የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አፍጥጦ ከመቆየትና ዓይንን በበቂ ካለመጨፈን ነው።

ስለዚህ ፕሮግራሙ ረዳት እንጂ መድኃኒት አይደለም። ከቀለሙ ጋር የስክሪኑን ድምቀትም ይቀንሱ፤ ደማቅ ቢጫም ብርሃን ነውና። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር ገደማ ወደሚርቅ ነገር ይመልከቱ። ልጆች ከመኝታቸው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ኮምፒውተሩንም ስልኩንም እንዲያስቀምጡ ያድርጉ፤ ስልኩም ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። ይህ ምክር ደግሞ አፕዴት አይነካውም፤ ዛሬ ማታ፣ ኮምፒውተሩ ሳይስተካከልም ሊጀምሩት ይችላሉ።